ከ13 ወደ 5፦ በሐረር ዳር የወተት ፍየል እርባታዬ

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ ከባቢሌ የቁም እንስሳት ገበያ ሦስት እንስት ፍየሎች ገዝቼ ከሐረር ከተማ ዳር ወዳለችው ግቢዬ ሳስገባ፣ ስለ ወተት ፍየል የማውቀው ነገር ቢኖር አያቴ ቤት ሆጃ ሲፈላ የሚጨመርበት ወተት የፍየል እንደነበረ ብቻ ነው። ሆጃ ከቡና ገለባ ወይም ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተትና ጨው የሚገባበት የአገራችን መጠጥ ነው፤ በልጅነቴ የለመድኩት ያ ጣዕም ወደ እርባታው እንደ መራኝ አልክድም። ዛሬ ያሉኝ ፍየሎች አምስት ብቻ ናቸው። በመካከሉ ግን 13 ደርሰው ነበር፤ ይህ ጽሑፍም በዋነኝነት ከ13 ወደ 5 የወረድኩበትን ምክንያት የሚመለከት ነው።

ፍየል ቶሎ ይራባል። እርግዝናዋ 150 ቀን ገደማ ነው፤ መንታ መውለድም ብርቋ አይደለም። እኔም አንዲት እንስት ግልገል እንኳ ሳልሸጥ እያቆየሁ በ2013 ዓ.ም. ሰባት እናቶች፣ አንድ አውራና አምስት ወጣቶች ነበሩኝ። ጉረኖዬ ሞልቶ ሳየው ደስ ይለኝ ስለነበር ስለ ወተቱ መጠን እምብዛም አልጨነቅም ነበር። አንድ ቀን ማለዳ አጠገቤ የሚኖሩ አዛውንት እናት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሳልብ ቆመው ተመለከቱኝና፣ «አቦ፣ አንቺ ልጅ! ይህን ሁሉ ፍየል ቆመሽ አልበሽ ያገኘሽው ይህችን ነው?» አሉኝ። በጆጉ ውስጥ የነበረው የስድስት እናቶች ወተት አንድ ሊትር ተኩል አይሞላም ነበር። «እማማ፣ ዝርያቸው እኮ የወተት አይደለም» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው የፍየሎቹን ጎን በዓይናቸው እያመለከቱ፣ «ዝርያቸውን ተዪው፤ ሆዳቸውን እዪው» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ አንድ ደብተር ገዛሁ። ለሁለት ወር ያህል የእያንዳንዷን የጠዋት ወተት በተሰመረበት ጆግ ለካሁ፤ የማቀርበውን መኖም በመንጠልጠያ ሚዛን መዘንኩ። ወደ 30 ኪሎ የምትመዝን የምትታለብ ፍየል በቀን ከክብደቷ 4 በመቶ ገደማ፣ ማለትም ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። የበላችው ሁሉ ግን ወደ ወተት አይለወጥም። መጀመሪያ ለመተንፈስ፣ ለመራመድ፣ የሰውነቷን ሙቀት ለመጠበቅ የሚውለው ይነሣል፤ ወተት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው። የእኔ ሒሳብ የተበላሸው እዚህ ላይ ነበር፤ ለአምስት የሚበቃውን መኖ ለ13 ሳካፍለው ሁሉም በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ እያገኙ ነበር። በደብተሩ መሠረት የወተቱን ሁለት ሦስተኛ የሚሰጡት ሦስት ፍየሎች ብቻ ነበሩ።

መሸጡ ከብዶኝ ነበር። ወንዶቹን ለአረፋ በዓል፣ ወተታቸው አነስተኛ የሆኑትን እናቶች ደግሞ ለአርቢዎች ሸጬ አራት እናቶችና አንዲት ወጣት አስቀረሁ። አውራውንም አሰናበትኩት፤ የአውራ ፍየል ጠረን ወተት ላይ ስለሚያርፍ ከሚታለቡት ጋር አብሮ መዋሉ ቀድሞውንም ስሕተት ነበር። በሚቀጥለው ወሊድ አራቱ እናቶች ወተታቸው ከፍ ባለበት ሰሞን በቀን 2 ሊትር ተኩል ገደማ ይሰጡኝ ጀመር።

መኖውን በተመለከተ እንደ አካባቢያችን የታደለ ጥቂት ነው። ባቢሌና ጉርሱም ኦቾሎኒ ስለሚመረት፣ ከለቀማ በኋላ የሚቀረው ደረቅ ቅጠልና ሐረግ ፍየል የምትወደው፣ ፕሮቲንም ያለው መኖ ነው። በኅዳር ገዝቼ በቆርቆሮ ጥላ ሥር እከምረዋለሁ። የሻገተ የኦቾሎኒ ተረፈ ምርት ወይም ፋጉሎ ግን በምንም ዋጋ አልገዛም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በወተቱ በኩል እስከ ሰው ይደርሳልና። በአጥሬ ዙሪያ ሰስባንያና ሉኪና የተባሉ ቅጠላቸው ለመኖ የሚሆን ዛፎች ተክዬ ቅርንጫፋቸውን እየቆረጥኩ ከፍ አድርጌ አንጠለጥልላቸዋለሁ፤ ፍየል እንደ በግ አንገቷን ደፍታ ሳር መጋጥን አትመርጥም፣ ቀና ብላ ቅጠል መቀንጠብ ነው ተፈጥሮዋ፤ መሬት የወደቀና የተረገጠ መኖም ትንቃለች። ለሚታለቡት በጠዋትና በማታ አንድ አንድ እፍኝ ፉርሽካ እጨምራለሁ፤ ጨው ሁልጊዜ አለ፤ ውኃም እንደዚሁ። ውኃ የጎደለባት ፍየል ወተቷ በዚያው ቀን ሲቀንስ በደብተሬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከማሽላ ማሳ ሲሳሳ የሚነቀለውን ቡቃያ በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ዝናብ ሲቋረጥ የጠወለገ ለጋ ማሽላ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ስለሚያጠራቅም፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንስሳ ሊገድል ይችላል።

ስለ ገራባ ለብቻው መናገር አለብኝ። በሐረርም በድሬዳዋም ተቅሞ የተረፈው የጫት ቅጠልና ቅርንጫፍ የፍየል ቀለብ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየማታው ከጫት ተራ በማዳበሪያ ከረጢት እያስሞላሁ አመጣ ነበር። ነጻ መኖ ነውና ማን ይጠላል? በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዷ፣ ቡናማዋና ከሁሉም የተሻለ ወተት የምትሰጠው፣ ቀስ በቀስ እየከሳች መጣች። ትበላለች፤ ግን ቶሎ ታቆማለች። ግራ ሆዷ ዘወትር የተነፋ ይመስላል፤ ሥጋዋ ግን እያለቀ ነው። የሆድ ትል መድኃኒት አጠጣኋት፤ ለውጥ አልነበረም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ከፍቶ ሲያሳየኝ፣ በጨጓራዋ ውስጥ የሰው ጭንቅላት የሚያህል የፌስታልና የሲባጎ ድብልብል ተቋጥሮ ነበር። ጫቱ የሚሸጠው በፌስታል ተጠቅልሎ ነው፤ ፌስታሉ ከገራባው ጋር ይጣላል፤ ጨው ወይም የስኳር ጣዕም የነካውን ፌስታል ደግሞ ፍየል እንደ ቅጠል ታኝከዋለች። አንዴ ጨጓራ ውስጥ ከገባ አይፈጭም፣ አይወጣምም። ከዚያ ወዲህ ገራባ የምቀበለው ከምተዋወቃቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ነው፤ እሱንም በላስቲክ ምንጣፍ ላይ በትኜ በእጄ ሳልለቅም አልሰጥም። ጫቱ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒትም ሌላው ስጋት ስለሆነ፣ ወተታቸውን ለምንጠጣው እናቶች ጭራሹን አቁሜዋለሁ።

ዝርያን በተመለከተ ለጎረቤቴ የሰጠሁት መልስ ልክ አልነበረም ለማለት የሚያስደፍረኝ የራሴ ደብተር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ ሐረርጌ የተጀመረው፣ ፋርም አፍሪካ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ያካሄደው የወተት ፍየል ፕሮግራም፣ አንግሎ ኑቢያን የተባለውን የውጭ ዝርያ ከሶማሌ ፍየል ጋር እያዳቀለ ለገበሬ ሴቶች ያዳርስ ነበር፤ ሴቶቹ ፍየሏን በብድር ወስደው ዕዳውን በግልገል ይከፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው የዚያ ፕሮግራም የኢኮኖሚ ግምገማ ወተቱን ብቻ ሳይሆን ፍግንና የቁጠባ ዋጋን ጭምር አስልቶ የደረሰበት ነጥብ፣ የተዳቀሉት ፍየሎች በገበሬው ቤት ሁኔታ ከአካባቢው ዝርያ የተሻለ የተጣራ ጥቅም እንዳልሰጡ፣ የተሻሻለው አያያዝ ግን የአገሬውን ፍየል ጥቅም በግልጽ እንደጨመረ ነው። እኔም አንዲት የተዳቀለች ለሁለት ዓመት አቆይቼ ነበር። በጫፍ ላይ ከ1 ሊትር በላይ ትሰጥ ነበር፤ መኖው ሲሳሳ ግን ከሁሉም ቀድማ የምትነጥፈው እሷ ነበረች።

አውራ ሲመረጥ የተማርኩት ሌላ ነገር አለ። የሐረርጌ ደጋ ፍየሎች ብዙዎቹ ጎዳ፣ ማለትም ቀንድ የለሽ ናቸው። ጎዳ ፍየል ስለማትዋጋ ለግቢ ትመቻለች ብዬ ጎዳዋን እናት ከጎዳ አውራ ጋር አስጠቃኋት። የተወለደችው ግልገል እንስት ትመስላለች፤ ስታድግ ግን ብልቷ ያልተለመደ ሆነ፣ ባሕርይዋም የአውራ፤ አንድም ጊዜ ፀንሳ አታውቅም። የፍየል ቀንድ አልባነት ከጾታ መዛባት ጋር በዘር የተያያዘ ነው፤ ባሕርዩን ከእናትም ከአባትም የወረሰች እንስት ፆታዋ የተደባለቀና መካን ትሆናለች። አሁን ለጎዳዋ እናት ቀንዳም አውራ ብቻ እፈልጋለሁ።

የሚጠቁበትንም ጊዜ እኔው እወስናለሁ። የአገራችን ፍየሎች ዓመቱን ሙሉ በየ21 ቀኑ ስለሚደሩ፣ አውራው አብሮ ከዋለ በክረምቱ እምብርት ይወልዳሉ፤ በብርድና በእርጥበት ደግሞ ግልገል በሳንባ በሽታና በተቅማጥ ያልቃል። በ2011 ሐምሌ ከአምስት ግልገሎች ሦስቱን ቀብሬያለሁ። አሁን በሚያዝያ አጋማሽ አስጠቅቼ በመስከረም አወልዳለሁ፤ ቅጠሉ ባለበት፣ መሬቱ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ማለት ነው። ከመውለዷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ አነጥፋታለሁ። ወተቱን እያየሁ አንጀቴ አልቆርጥ ብሎ እስከ መጨረሻው ባለብኩበት ዓመት፣ እንገሩም ቀጠነ፣ ግልገሎቹም ትንንሽ ሆኑ። እንገር ግልገሏ በተወለደች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥባት ያለባት ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ከክብደቷ አንድ አሥረኛ ያህል ልታገኝ ይገባል። ደካማዋን ግልገል በእጄ ይዤ ከግቷ ጋር አገናኛታለሁ።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ግልገሎቹን በሌሊት ለይቼ አሳድራለሁ፤ ጠዋት ጥቂት ጠብተው እናቲቱ ወተቷን ካወረደች በኋላ አልባለሁ፤ ቀን አብረው ይውላሉ። ከማለቤ በፊት ግቷን በሞቀ ውኃ ጠርጌ የመጀመሪያዎቹን ጭላፊዎች በጥቁር ጨርቅ ላይ አፈሳለሁ፤ የረጋ ወይም የሚጓጉል ነገር ከታየ ጡቷ ታሟል ማለት ነው፣ ወተቱም ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። መድኃኒት የተወጋችን ፍየል ወተት ሐኪሙ እስከሚፈቅድ እደፋለሁ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚመጣ ሲሆን፣ ደስታ መሰል ለተባለው የበግና የፍየል በሽታ የሚሰጠው ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል፤ ለሳንባ በሽታው ያለው ግን በየዓመቱ ይደገማል። ጅቡን ደግሞ ሐረር ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ የጉረኖው ግድግዳ ድንጋይ፣ በሩም ቆርቆሮ ለብሶ በሰንሰለት የሚቆለፍ ነው።

ወተቱን የምሸጠው ለአራት ቤቶች ነው፤ ረመዳን ሲገባ ፈላጊው ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከደንበኞቼ ሁለቱ ስለሚያቆሙ ትርፉን አይብ አደርገዋለሁ። የፍየል ወተት ቅባት ቶሎ ስለማይንሳፈፍ ቅቤ ማውጣቱ አድካሚ ነው፤ የሚወጣውም ነጭ ስለሆነ ገዢ ይጠራጠረዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ለአምስት ወር ሕፃኗ ልትገዛኝ መጥታ ነበር። የላም ወተት አልስማማው ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የፍየሉም እንደማይስማማው፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃንም የእናት ጡት ምትክ ሊሆን እንደማይችል ነግሬ ወደ ጤና ጣቢያ መለስኳት። ለሌላውም ሁሉ የምነግረው አንድ ነው፦ አፍልታችሁ ጠጡ፤ ውርጃ የሚያመጣው ብሩሴላ የተባለው ተህዋስ ከፍየል ወደ ሰው ባልፈላ ወተትም ይተላለፋልና። አንዳንዶች ጥሬው ለአስም መድኃኒት ነው ብለው ይከራከሩኛል፤ እኔ መድኃኒት ብዬ አልሸጥም።

በዚህ ሚያዝያ ሦስቱ እናቶች ይጠቃሉ። አራተኛዋ ሰባት ዓመት ስለሞላት ላሳርፋት አስቤያለሁ። ጎረቤቴ እማማ ከልጃቸው ቤት ቀንዳም አውራ ለአንድ ወር ሊያስመጡልኝ ቃል ገብተዋል፤ ኪራዩም አንዲት እንስት ግልገል ናት። መስከረም ላይ ከግልገሎቹ መርጠው ይወስዳሉ።