የሽንኩርቱ ውሃ ብቻ

በርሊን፣ ክሮይትስበርግ ሰፈር ውስጥ አንድ የቱርክ ጥብስ ቤት ከገባሁ ሁለተኛ ወር ይዤ ነበር። ሥራዬ ሰላጣ መክተፍና ዕቃ ማጠብ ነው። አንድ ዓርብ ማታ ዋናው ጠባሽ፣ ሁላችንም «ኡስታ» የምንላቸው አባት፣ ቀደም ብለው ሲወጡ «ልጄ፣ የነገውን የሺሽ ሥጋ ዛሬ አንተ ዘፍዝፈው» አሉኝ። ሺሽ ሥጋ ተሰክቶ የሚጠበስበት ዘንግ ነው። ስላመኑኝ በጣም ደስ አለኝ።

8 ኪሎ የበግ ታፋ ነው፤ በትንንሹ ተቆርጦ ተቀምጧል። የወይራ ዘይት አፈሰስኩበት። ቢበር ሳልቻሲ የሚሉትን፣ የእኛን ድልህ የሚመስለውን የቀይ ቃሪያ ልቁጥ ጨመርኩ። ከዚያ ሽንኩርቱን ልክ ለወጥ እንደምከትፈው አድቅቄ በሙሉ አብሬ አሸሁት። እኛ ቤት ሽንኩርት ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አይወደድም።

ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሞልቷል። የመጀመሪያዎቹ ሺሾች ፍሙ ላይ እንደወጡ ሽንኩርቱ ጠቆረ፤ ሥጋው ግን ገና ጥሬ ነው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደንበኛ «መሮኛል» ብሎ ሳህኑን መለሰ። ኡስታ አልጮሁብኝም። ከሥጋው ላይ አንዲት ጥቁር ፍርፋሪ በጥፍራቸው ፍቀው መዳፌ ላይ አደረጉና «ቅመሳት» አሉኝ። ከሰል ከሰል አለችኝ።

ከዚያ ጓዳ ገብተን የቀረውን ሥጋ አንድ በአንድ በወረቀት ጠረግን። ሥራው አንድ ሰዓት ሊፈጅብን ምንም አልቀረውም። እስከዚያ ደንበኛ ዶሮ ብቻ ይቀርብለት ነበር። እጃቸው ሳያርፍ አስተማሩኝ። ሽንኩርት ይፈቀፈቃል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል፣ ሥጋው ውስጥ የሚገባው ውሃው ብቻ ነው። ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ እሳት ላይ ከሥጋው ቀድሞ ያርራል። እሳቸው ጨውም አያስቀድሙም፤ የሥጋውን ውሃ ስለሚስብ እሳት ላይ ሊወጣ ሲል ይነሰነሳል።

በየሥጋው መካከል ነጭ ስብ ሲሰኩ ሳይ «ላት!» አልኩ። እሳቸው ኩይሩክ ያዪ ይሉታል፣ የጭራ ስብ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው የበግ ላት እንግዳ አይደለም። እየቀለጠ ቀዩን ሥጋ ያርሰዋል። ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ግን ነበልባል ያስነሳል። ያኔ ውሃ አይረጭም፤ አመዱ ተነስቶ ሥጋው ላይ ይለጠፋል። ሺሹን ገለል ማድረግ ነው።

አሁን ለራሴም እሠራዋለሁ። በበጋ ቴምፕልሆፍ እንሄዳለን፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተዘጋው አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ መናፈሻ ነው፣ የተከለለ የጥብስ ቦታም አለው። ከሰሉ ነጭ አመድ እስኪለብስ ሥጋ አላወጣም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ካለ አደራ፣ ከሰል አያስገባ፤ የከሰል ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። የኦቨኑ የላይኛው እሳት ይበቃል፣ ከሥር ስብ የሚቀበል ትሪ አድርጎ። የእንጨት ሺሽ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆይ።

የዚያን ቅዳሜ እንግዳው ሁሉ ከወጣ በኋላ ኡስታ አንድ ሺሽ አስቀርተው ነበር። ላቫሽ ቂጣ አንስተው ሥጋውን ጨበጥ አደረጉና ብረቱን መዘዙት። ስቡን የጠጣውን ቂጣ ከነሥጋው ሰጡኝ። የሽንኩርት ፍርፋሪ የለበትም፤ ጣዕሙ ግን እስከ መጨረሻው ጉርሻ ነበር።