ከ42 ወደ 38፦ የድሮ ኮርስ ሳይክሌን ቼይንሪንግ የቀየርኩበት ሁለት ወር

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሳይክል ስወጣ ካቴናዬ ትንሹ ቼይንሪንግ (ፔዳሉ የሚያዞረው ከፊት ያለው ባለ ጥርስ ክብ) ላይ እየተጣበቀ ወደ ላይ ይጎተትብኛል ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። አብዛኞቻችሁ ካቴናው ነው አላችሁኝ። እውነት ነው፣ ካቴናው አልቆ ነበር። አዲስ ሳስገባለት ግን ጭራሽ ባሰበት።

ምክንያቱን ያገኘሁት ክራንኩን (ፔዳሎቹና ቼይንሪንጎቹ የሚታሰሩበትን ክፍል) ፈትቼ ትንሹን ቼይንሪንግ መስኮት ላይ በብርሃን ስይዘው ነው። የጥርሶቹ አንደኛው ጎን ተበልቶ እንደ ማጭድ ጫፍ ጎብጧል፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ይይዘኛል። የአዲስ ካቴና ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የቆየ ካቴና እየተለጠጠ ከዚህ ያልፍና ጥርሱን በራሱ ልክ እየበላ ያበጀዋል። በዚያ በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ስታስገቡ ከታች በኩል አልለቅ ይላል። ስለዚህ ካቴና ከመግዛታችሁ በፊት ጥርሱን እዩ።

ክራንኬ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራ ሺማኖ 105 ነው፤ ባለ አምስት ብሎን፣ 52 እና 42 ጥርስ፣ ከኋላ ስምንት ማርሽ። መቀየሬ ካልቀረ ለዳገት የሚቀል ላድርገው ብዬ ሜሪላንድ ያለችውን የአክስቴን ልጅ «ባለ አምስት ብሎን፣ ባለ 36 ጥርስ» አልኳት። ለገና ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ክራንኩ ላይ ሳስጠጋው አንድም ቀዳዳ አልገጠመም። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፣ ልጅቷ ስንት ደክማበታለች።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የብሎኑን ብዛት እንጂ ብሎኖቹ የተሰለፉበትን ክብ ስፋት አልነገርኳትም። ወሳኙ ቁጥር እሱ ነው። ባለ አምስት ብሎን ክራንክ ላይ ክቡን በቀጥታ መለካት አይቻልም፣ ምክንያቱም ከአንዱ ብሎን ትይዩ ሌላ ብሎን የለም። የሚሠራው መንገድ ይኸውና፦ የሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎችን ርቀት ከአንዱ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለኩ፣ ከመሃል እስከ መሃል ለካችሁ ማለት ነው። ያገኛችሁትን በ1.701 አባዙት፣ የክቡ ስፋት ይወጣላችኋል።

ከምናለሽ ተራ በገዛሁት ካሊፐር (ጥቃቅን ርቀት መለኪያ) ስለካ የኔ 76.4 ሚሊ ሜትር ወጣ፤ ክቡ 130 ነው። የሺማኖ የድሮ ኮርስ ክራንክ በብዛት ይኸው ነው። 64.7 ከሆነ 110 ነው፣ ያ የመጣልኝ ባለ 36 የዚህ ዘር ነበር። 79.4 ከወጣላችሁ 135፣ 84.6 ከሆነ ደግሞ 144 ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ናቸው፣ 144ቱ የጥንቱ። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ሲለካ በ130 እና በ135 መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሚሊ ብቻ ስለሆነ በተማሪ ማስመሪያ አትመኑ።

ክቡ ሌላም ነገር ይወስናል። በ130 ክብ ላይ ከ38 በታች አይገባም። ባለ 38 ላይ ካቴናው ከመሃል 77 ሚሊ ያህል ርቆ ይዞራል፣ ብሎኖቹ ደግሞ 65 ላይ ናቸው። የሚቀረው 12 ሚሊ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ካቴናው ቼይንሪንጉን ከያዙት አምስት የክራንኩ ክንዶች ጋር ይጋጫል። ያ ባለ 36 ለኔ ክራንክ ከመጀመሪያውም የማይሆን ነገር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ 38 መረጥኩ። ትልቁንም ከ52 ወደ 50 አወረድኩት፤ 52 እና 38 ብይዝ የ14 ጥርስ ልዩነት ይሆንና ከኋላ ካሰብኩት ካሴት (የኋላ ጎማው ላይ ያሉት ማርሾች ስብስብ) ጋር ተደምሮ አጭሩ የኋላ ማርሽ መቀየሪያዬ የካቴናውን ትርፍ መሰብሰብ ያቅተዋል ብዬ ነው። ካሴቱን ከ12–23 ወደ 12–26 ጥርስ ቀየርኩ። በፊት ትልቁ ዳገት ላይ 42 በ23፣ ማለትም ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላ ጎማው 1.83 ጊዜ ይዞር ነበር። አሁን 38 በ26፣ 1.46 ሆነ፤ አምስት እጅ ከነበረው አንዱ እጅ ቀለለ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የመጣው ከካሴቱ መሆኑን ልብ በሉ። ቼይንሪንጋችሁ ካላለቀ መጀመሪያ ካሴት ቀይሩ፣ ይረክሳል።

ሁለቱም ቼይንሪንጎች የፈረንሳዩ ስትሮንግላይት ሥራ ናቸው። አሁንም ያመጣችልኝ ያችው የአክስቴ ልጅ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ቆም በሉ። የብሎኑ ራስ የሚሰምጥበት ጎድጓዳ በትልቁ ላይ ወደ ውጭ፣ በትንሹ ላይ ወደ ውስጥ፣ ወደ ፍሬሙ ይዞራል። ትልቁ ላይ ወደ ውጭ ወጣ ያለች ፒን ካለች ፔዳሉን ከያዘው የክራንኩ ክንድ ኋላ ትሁን፤ ካቴናው ወደ ውጭ ሲወድቅ ክንዱ ሥር እንዳይሰነቀር የምትከለክለው እሷ ናት። ብሎኖቹን ግራሶ ቀብቼ፣ አንዱን አጥብቄ ቀጣዩን እየዘለልኩ ኮከብ በሚሠራ ቅደም ተከተል አጠበቅኳቸው።

የፊት ማርሽ መቀየሪያውን መርሳት የለባችሁም። ከ52 ወደ 50 ሲወረድ ጥርሱ በ4 ሚሊ ገደማ ዝቅ ይላል፣ መቀየሪያውም ያንኑ ያህል መውረድ አለበት። ከትልቁ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ክፍተት ተዉ። የኔ ፍሬሙን አቅፎ የሚታሰር ዓይነት ስለሆነ ብሎኑን አላልቼ አንሸራተትኩት።

አሁን ሦስት ቅዳሜ ወጥቼበታለሁ። ካቴናው አንድም ጊዜ አልተጣበቀም፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውንም ግድግዳ የመሰለ ዳገት ቁጭ ብዬ እወጣዋለሁ። ያልተስተካከለው ከ38 ወደ 50 ስቀይር ነው፣ ከበፊቱ ይዘገያል። ትልቁ ቼይንሪንግ ውስጠኛ ጎን ላይ ያሉት ማንሻ ፒኖች የሚሠሩት ለተወሰነ የቼይንሪንግ ጥንድ ነው፣ የ12 ጥርስ ልዩነትም በፊት ከነበረው 10 ይሰፋል። ፔዳሉን ለአንድ ዙር ለስለስ ሳደርገው ይገባል፣ የመቀየሪያውን ኬብል ማስተካከል ግን ገና አልጨረስኩም።

ያ ባለ 36 ቼይንሪንግ እስካሁን ጋዜጣው ውስጥ አለ። ለክታችሁ 64.7 የሚወጣላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝና በነፃ ውሰዱት።