የትኬቴ ገንዘብ ማን ኪስ ገባ?

ከለንደን ኪንግስ ክሮስ ወደ ዮርክ ልሄድ ትኬት ቆረጥኩ። በፈለግሁት ድርጅት ባቡር የሚያስኬድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የመጣው ኤልኤንኢአር የሚባለው ድርጅት ባቡር ነበር፣ እሱን ትቼ ቡና ስጠጣ ቆየሁና በሌላው ድርጅት፣ በግራንድ ሴንትራል ባቡር ሄድኩ። ታዲያ ገንዘቡ ለማን ገባ?

ለሁለቱም! የትኛው ላይ እንደተሳፈርኩ ማንም አይቆጥርም። ኦርካትስ የሚባል፣ ከብሪቲሽ ሬል (ከቀድሞው የመንግሥት የባቡር ድርጅት) ዘመን የተረፈ የኮምፒውተር ስሌት አለ። የጊዜ ሰሌዳውን አይቶ፣ የትኛው ባቡር በስንት ሰዓት ይነሳል፣ የቱ ይፈጥናል፣ የቱ ላይ መቀየር አለ ብሎ መንገደኛው ይመርጠዋል ብሎ በገመተው ልክ ገቢውን ያከፋፍላል። በግምት እኮ ነው!

ለአንድ ባቡር ብቻ ተብሎ አስቀድሞ የሚቆረጠው ርካሹ ትኬት ግን ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ለባቡሩ ድርጅት ነው።

እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነው። አንዳንድ ድርጅት ሰው በሚበዛበት መስመር ላይ ባቡር ይጨምራል፣ ግማሹ ወንበር ባዶ ቢሄድም ስሌቱ ድርሻ ይሰጠዋል። የሙያው ሰዎች «የኦርካትስ ዘረፋ» ይሉታል። ሳይዘሩ ማጨድ በሉት። ተቀናቃኙ ደግሞ ያንኑ ያህል ይጎድልበታል።

እኔ ግን ቡናዬን ጠጥቼ ዮርክ ገባሁ።