ከወፍ ወደ ላም
ዛሬ ጠዋት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የወፍ ጉንፋን ላም ውስጥ እንዴት ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለነበር ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው በሴሉ ገጽ ላይ ካለ የስኳር ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ ነው። አእዋፍን የለመደው ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የሚፈልገው የስኳር ዓይነት በሰው የላይኛው የመተንፈሻ አካል እምብዛም ባይገኝም፣ በላም ጡት ውስጥ ግን በብዛት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ በታመሙ ላሞች ወተት ውስጥ ቫይረሱ እጅግ በዝቶ የተገኘው፣ ያንኑ ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶችም የሞቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቫይረሱ ለመባዛት የሚጠቀምበት ፒቢ2 የተባለው ፕሮቲን 759 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ቅንጣቶች) ያሉት ሲሆን፣ በ627ኛው ቦታ ላይ ያለው ግሉታሚክ አሲድ በላይሲን ከተተካ፣ በአእዋፍ ሞቃት ሰውነት ውስጥ መባዛት የለመደው ቫይረስ ቀዝቀዝ ባለው የአጥቢዎች አፍንጫና ጉሮሮም በቀላሉ ይባዛል። ከ759 አንዱ ብቻ! ይህ ለውጥ ብቻውን ወረርሽኝ እንደማያስነሣ ባውቅም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአርጀንቲና ቫልዴስ ባሕረ ገብ መሬት ዳርቻ ከ17,000 በላይ የባሕር ዝሆን (ግዙፍ የባሕር አጥቢ እንስሳ) ግልገሎች በዚሁ ቫይረስ መሞታቸውን ሳስብ፣ ቫይረሱ በአጥቢዎች መካከል የሚያገኘው እያንዳንዱ አዲስ የመባዛት ዕድል ያስፈራኛል።

ነገ ባልደረባዬን ሳገኛት ከሁሉ አስቀድሜ፣ ወተትን በሚገባ ማፍላት ቫይረሱን እንደሚገድለው እነግራታለሁ።