ድመትና ዶሮ በአንድ ግቢ

«ዶሮ ካለሽ ድመት አታስጠጊ» ብለው የሚመክሩኝ ብዙ ናቸው። ለእኔ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ድመት የሚያስፈልገው ዶሮ ያለበት ቤት ነው። ዶሮ ባለበት ጥሬ ይበተናል፣ ጥሬ በተበተነበት አይጥ አይጠፋም። አይጥ ደግሞ ጥሬ በልታ ብቻ አትመለስም። እንቁላል ትሰርቃለች፣ ሌሊት ጫጩት ጎትታ ትወስዳለች። እኛ የምንኖረው ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ የምትባል ከተማ ዳር ነው። ማሽላው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ አይጡ ጣራ ላይ ሲሯሯጥ ያድራል።

የአይጥ መርዝ እቤቴ አይገባም። ዶሮ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለች፤ መርዝ የተለወሰ እህልም ለእሷ እህል ነው። ድመትም መርዝ የበላች አይጥ በልታ ትሞታለች። ጎረቤት ግቢ እንዲህ የሞተች ድመት አይቻለሁ። አሟሟቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይሉኛል። ልክ ነው፣ አትረሳም። እንድትረሳም አልጠብቅም፣ አይጥ ማን ይይዝልኛል? እኔ የምፈልገው ዶሮን ከሚታደን ነገር ሳትቆጥር እንድታድግ ነው። የድመት ግልገል ከ2 እስከ 7 ሳምንት ባለው ዕድሜዋ አጠገቧ ያለውን ሰውም ሆነ እንስሳ በቀላሉ ትለምዳለች። ለዚህ ብሎ ግን ከእናቷ ቶሎ መንጠቅ ግፍ ነው። ሁለት ወር ገደማ ትጥባ፣ ትማር። ስለዚህ መመረጥ ያለበት የተወለደችበት ቤት ነው። እናቷ አይጥ የምትይዝ፣ ግቢው ውስጥም ዶሮ የሚርመሰመስበት ቤት ሲሆን ግማሹ ሥራ እዚያው ያልቃል።

የቀረውን ታቃፊ ዶሮ ትጨርሰዋለች። የእኛ ግልገል ስትመጣ ገብስማዋ ዶሮ ገና ፈልፍላ ነበር። ግልገሏ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ወደ ጫጩቶቹ ተጠጋች። ላስጥል ስነሳ የባለቤቴ እናት «ተያቸው ልጄ፣ ገብስማዋ ራሷ ታስተምራታለች» አሉኝ። ዶሮዋ ላባዋን ነፋች፣ ክንፏን መሬት ድረስ ዘረጋች። ከዚያ አፍንጫዋ ላይ ጠቅ አደረገቻት። ግልገሏ እየጮኸች አልጋ ሥር ገባች፤ ስጠራትም እንቢ አለች። አሁን ትልቅ ድመት ሆናለች፣ ገብስማዋን ስታይ ግን ዛሬም ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምታልፈው።

ትልቅ ዶሮን ድመት ብዙም አትደፍርም። የሚያሰጋው ጫጩቱ ነው። መጠኑ የአይጥ ያህል ነው፣ እንደ አይጥ ይሯሯጣል፣ ድምፁም ቀጭን ነው። የጠገበች ድመትም ብትሆን የሚሮጥ ነገር ስታይ መዝለሏ አይቀርም። በዚህ ላይ ጭልፊት አለ፣ ማታ ደግሞ ሸለምጥማጥ። ስለዚህ ጫጩት በ21 ቀኑ ከተፈለፈለ በኋላ ሁለት ወር እስኪጠጋው ብቻውን አይለቀቅም። ቀን ከእናቱ ጋር ሰፊ ቅርጫት ይደፋበታል፣ ማታ ቤት ይገባል። እኔ ዘንድ ሰው በሌለበት ቅርጫት አይነሳም።

ሳሶ የሚባለውን የውጭ ዝርያ ዶሮ የገዛችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ወር ከምናምን ሆኗቸው የሚመጡት እናት የላቸውም፣ የሚከላከልላቸው የለም፣ መሸሽም አያውቁም። ጠንከር እስኪሉ ሽቦ ውስጥ ይቆዩ።

ድመቷንም መመገብ ያስፈልጋል። «ከራባት ነው አይጥ የምትይዘው» የሚባለው ትክክል አይደለም። ስትጠግብም ታድናለች፤ የራባት ግን ጎረቤት ግቢ ትሄድና ነገር ታመጣብናለች። ድመት ሥጋ በል ስለሆነች በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አትኖርም። ሐይቁ ቅርባችን በመሆኑ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት አናጣም፣ ቀቅዬ እሰጣታለሁ። ዶሮ ሲታረድ ግን ጥሬ አንጀት አልወረውርላትም። የባለቤቴ እናት በዚህ አይስማሙም። ድመት ይወዳሉ፣ ነጃሳ አይደለችም፣ በሐዲስም የቤት ሰው ናት ይላሉ፣ ስትለምናቸውም ጨክነው አያውቁም። እኔ ግን የዶሮ ደም እንድትለምድ አልፈልግም። ጥሬ ሥጋም ሆነ አይጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተሕዋስ ያስይዛታል፣ በዓይነ ምድሯም ይወጣል። እርጉዝ ሴት የድመት ዓይነ ምድር ባትነካ ይሻላታል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አመዱ ነው። ዶሮ አመድ ላይ መንከባለል ትወዳለች፣ ቅማሏን ታራግፍበታለች። ድመት ደግሞ እዚያው አመድ ቆፍራ ትጸዳዳበታለች። ስለዚህ የዶሮዎቹን አመድ ማታ ማታ በቆርቆሮ እከድናለሁ፤ ለድመቷ ከጓሮ ወዲያ አሸዋ አፍስሼላታለሁ።

ክትባትም ለሁለቱም ነው። ለዶሮዎቹ የፈንግል፣ በዓይን ጠብ የሚደረገው። ለድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ፤ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። በፈንግል የሞተ ዶሮ ጠልቆ ይቀበር፣ ለድመት አይጣል።

ድመታችን አሁን እርጉዝ ናት። ግልገሎቿ ሁለት ወር ሲሞላቸው ለሚፈልግ እሰጣለሁ፣ ገንዘብ አልጠይቅም። የአይጥ መርዝ ለሚበትን ቤት ግን አልሰጥም።