በሰዓት 90 ዶላር ስንት ነው?

ሰሞኑን እኛ ወዳለንበት አሜሪካ ከአዲስ አበባ የሚደውለው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «አሜሪካ ትንንሾቹ አየር መንገዶች ለጀማሪ ረዳት አብራሪ በሰዓት 90 ዶላር ይከፍላሉ አሉ፤ እንግዲህ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ…» ይልና በብር ማባዛት ይጀምራል። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። አብራሪ በቀን 8 ሰዓት አይታሰብለትም።

90 ዶላሩስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው) በአሜሪካን ኤርላይንስ ባለቤትነት ሥር ያሉት ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒ ኤስ ኤ የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ 90፣ የጀማሪ ካፒቴንን 146 ዶላር አስገቡት። ሌሎቹም አብራሪ እንዳያጡ ክፍያቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ያው ሥራ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ዶላር ነበር።

ነገር ግን ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ፍሬን ተለቆ አውሮፕላኑ ሲንቀሳቀስ፣ የሚያበቃውም በር ደርሶ ሲቆም ነው። የበረራ ዕቅድ ማንበብ፣ አውሮፕላኑን ዞሮ መፈተሽ፣ በመብረቅ ምክንያት ሁለት ሰዓት ተርሚናል ውስጥ መቀመጥ በብዙዎቹ ውሎች ክፍያ የለውም። የአራት ቀን ጉዞ ከቤት 80 ሰዓት ያህል ያርቅና የሚታሰበው 20 ሰዓት አካባቢ ነው። ከቤት ለራቁበት ሰዓት ሁሉ ደግሞ በሰዓት 2 ዶላር ገደማ የምግብ አበል አለ። ውሎቹ በወር ወደ 75 ሰዓት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ስለዚህ 90 በ75 ሲባዛ 6,750 ዶላር፣ በዓመት 81,000፣ ያውም ከግብር በፊት። ደኅና ደመወዝ ነው። ቀኑን በ8 ሰዓት አባዝቶ በወር ከ15,000 በላይ የጠበቀ ሰው ግን ከግማሽ በታች ነው የሚያገኘው።

ሰውን የሚያመው ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ተራ ቁጥሩ ነው።

እዚህ አገር የተቀጠሩበት ቀን አንድ ቁጥር ያሰጣል፤ ሲኒዮሪቲ ይሉታል። የሚበሩት መስመር፣ የሚመደቡበት ከተማ፣ የዕረፍት ቀን፣ ካፒቴን የመሆን ተራ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚወጣው፣ ሁሉም በዚያ ቁጥር ይወሰናል። በቦይንግ 777 ካፒቴንነት 10,000 ሰዓት የበረረ ኢትዮጵያዊ በተቀጠረበት ቀን ከዝርዝሩ ታች ነው። አብረውት የገቡት በአንዳንዱ ኩባንያ በዕድሜ፣ በሌላው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው የመጨረሻ አኃዞች ይደረደራሉ። ቁጥሩ ወደ ሌላ ኩባንያ አይዛወርም፤ የለቀቀ እንደገና ከታች ይጀምራል። ሕጉም ያጠብቀዋል። እዚህ በካፒቴንነት ለመቀመጥ በአሜሪካ አየር መንገዶች ደንብ ሥር 1,000 ሰዓት በረዳትነት መብረር ያስፈልጋል፤ ሌላ አገር አየር መንገድ ላይ የተቆጠረው የካፒቴንነት ሰዓት አይተካውም።

ሀገር ቤት «ካፒቴን» የሚለው ማዕረግ ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ከሰው ስም ይቀድማል። እዚህ ያ ሰው ልጁ ሊሆን ከሚችል ካፒቴን ቀኝ ተቀምጦ በስሙ ብቻ ይጠራል። ይህን ሳያውቅ የመጣ ሰው ልቡ ይሰበራል፤ ሲሰበርም አይተናል። ለሥርዓቱ ግን አንድ ነገር መመስከር ይገባል፤ «ሰው አለህ?» የሚባል ጥያቄ አያውቅም። የአለቃ ዘመድ መሆን አንድ ደረጃ ከፍ አያደርግም፣ የማንም ቂም አንድ ደረጃ ዝቅ አያደርግም። የሥራ ዘመንን እንዲህ አክብሮ ልምድን ግን አለመቁጠሩ ነው የሚያስቆጨው።

የበረራ ሰዓት ብዛት እዚህ አገር ይህን ያህል ትልቅ ቦታ የተሰጠበት ምክንያት አለው። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳርና ጎንደር የምንሳፈርበት ዓይነት ኪው 400 ነበር። ረዳት አብራሪዋ ከሲያትል ተነሥታ ሌሊቱን ተጉዛ ነበር ሥራ የገባችው። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም ቢሆን 1,500 ሰዓት ግድ ሆነበት። በአቪዬሽን ዲግሪ ያለው በ1,000፣ ከወታደር ቤት የመጣ በ750 ይፈቀድለታል። ሁለቱ የኮልጋን አብራሪዎች ግን ከ1,500 በላይ በረው ነበር፤ ካፒቴኑ ከ3,300፣ ረዳቷ ከ2,200 በላይ። እኔ ከሁሉ የሚጠቅመው ከ2014 የተጀመረው የዕረፍት ደንብ ነው ባይ ነኝ፤ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ ለመተኛት የሚበቃ፣ በ28 ቀን ከ100 ሰዓት በላይ አለመብረር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ጊዜ የረዳት አብራሪውን 361 ሰዓት እየጠቀሱ አገራችንን ሊወቅሱ ለሞከሩት መልሱ በምርመራው ውስጥ አለ። ከአንድ ዳሳሽ በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የገፋው ኤም ካስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ይህን አንገት ሳይደፉ መናገር ያስፈልጋል።

አሁን ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በቤተሰብ በኩል ለመምጣት ለተዘጋጃችሁ። የኢትዮጵያ ኮሜርሺያል (እየተከፈለ የማብረር) ፈቃድ ከኢንስትሩመንት ሬቲንግ (በመሣሪያ ብቻ የመብረር ብቃት) ጋር ወይም ኤ ቲ ፒ ኤል (ከፍተኛው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ) ያለው ሰው ከዜሮ አይጀምርም፤ ሰዓቱን ካሟላ በቀጥታ ለአሜሪካው ተመሳሳይ ፈቃድ፣ ለኤ ቲ ፒ፣ መፈተን ይችላል። መጀመሪያ የ30 ሰዓት ትምህርትና የ10 ሰዓት ሲሙሌተር ኮርስ፣ ቀጥሎ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ የበረራ ፈተና። ኤም ፒ ኤል (ከሌላ አብራሪ ጋር በረዳትነት ብቻ የሚያበርሩበት ፈቃድ) ብቻ ያለው ግን ይጠንቀቅ፤ አሜሪካ ይህን ፈቃድ አትሰጥም፣ እንደ ኮሜርሺያል ይቆጠርልኛል ብሎ ቤት ንብረት ሸጦ መምጣት አይገባም። ከዜሮ የሚጀምር ደግሞ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች 100,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ያወጣል፤ ከዚያም 1,500 እስኪሞላ አስተማሪ ሆኖ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በትንሿ ሴስና ላይ ይከርማል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሥራ ቪዛ አያወጡም፤ ወደ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሚበሩም ያለ ገደብ ገብቶ መውጣት የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል።

ቃለ መጠይቁ ላይ የኛ ሰው የሚወድቀው በቻርት (የበረራ ካርታ) ንባብ አይደለም፤ በጨዋነቱ ነው። «ከካፒቴኑ ጋር ያልተስማማህበትን ጊዜ ንገረን» ሲሉት «በመነጋገር ፈታነው» ይላል። ጠያቂው መስማት የሚፈልገው እርሱ ራሱ ምን እንዳየ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ካልተሰማ ቀጥሎ ምን እንዳደረገ ነው። «እኔ» ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን «እኛ» ያለ ሰው የደበቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። የወደቁበት የበረራ ፈተና ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ። መዝገቡ ኤፍ ኤ ኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ተቀምጧል፤ አንድ ውድቀት ያላስቀረውን ሰው መደበቁ ያስቀረዋል።

የቅጥር ደብዳቤ ደርሶት ሥራውን የሚለቅም አለ። አይልቀቅ። በ2024 የቅጥር ደብዳቤ ይዘው የሥልጠና ቀን ለወራት የጠበቁ ብዙ ነበሩ። የፊርማ ጉርሻ የሚሰጥ ካለ ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ ቀድሞ ለወጣ ስንት እንደሚያስመልስ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ከሥልጠና በኋላ የመጀመሪያው ኑሮ ተጠባባቂነት ነው። ሲደወል በሁለት ሰዓት አካባቢ ውስጥ ኤርፖርት መድረስ ግድ ስለሆነ ከቤተሰቡ ርቆ የተመደበ ሰው ክራሽ ፓድ ይከራያል፤ ተደራራቢ አልጋ የሞላበት፣ ከስድስትና ከስምንት አብራሪ ጋር የሚካፈሉት ቤት ነው። በራስ ጊዜ፣ ቦታ ካለ በባዶ ወንበር ተሳፍሮ መመላለስ ደመወዙንም ትዳሩንም ይበላል። ስለዚህ ከክፍያው በፊት ከተማውን እዩ። ዘመዶቻችሁ ዳላስ ከሆኑ ኤንቮይ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም አትላንታ ከሆኑ ኤንዴቨር፣ ሲያትል ከሆኑ ሆራይዘን፣ ዋሽንግተን ከሆኑ ፒ ኤስ ኤና ሪፐብሊክ እዚያ ቤዝ (አብራሪዎቻቸው የሚመደቡበት ማዕከል) አላቸው። ጀማሪ የሚመደበው ክፍት ቦታ ወዳለበት ስለሆነ ያ ቤዝ ለአዲስ ሰው ስንት ወር እንደሚያስጠብቅ ጠይቁ።

በዓሉን በተመለከተ አንድ የምሥራች አለ። ዲሴምበር 25ን የሚወስዱት ቁጥራቸው ከላይ የሆነ ነው፤ ጃንዋሪ 7ን ግን ማንም አይሻማበትም። የወሩን ምርጫ ሲያስገቡ ገናን ማስቀደም ነው፤ ጀማሪም ያገኘዋል።

ከቦሌ ከመነሣታችሁ በፊት ሎግቡካችሁን (የበረራ ሰዓት መዝገባችሁን) ገጽ በገጽ አስመስክሩ። የሥልጠናና የፈተና መዝገባችሁን ቅጂ፣ የፈቃዳችሁን ማረጋገጫ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በእጃችሁ ያዙ፤ ከሄዱ በኋላ በውክልና ማውጣት ወራት ይፈጃል። የአገልግሎት ውል ያለባችሁም ጨርሱት ወይም በሕጉ ተስማምታችሁ ውጡ። ዋስ የፈረመላችሁ አጎት እዚያው ነው የሚኖረው።