ክብ ሆኖ የታየኝ አረር

በሰበታ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በራጅ ባለሙያነት ስሠራ፣ አንድ ሌሊት ጀርባውን በጥይት የተመታ ወጣት መጣልን። ሕመሙ ስለጠናበት በጀርባው አስተኝቼ ከፊት ለፊት አንድ ራጅ ብቻ አነሣሁት፤ የጎኑን ግን ለነገ አቆየሁት። ከደረቱ አጥንት በስተቀኝ ነጭ ክብ ነገር ታየ፤ በስክሪኑ ላይ ስለካው ከ9 ሚሊ ሜትር ጥቂት በለጠ። አጠገቤ የቆመው መርማሪ «ዶክተር፣ የክላሽ ነው የሽጉጥ?» ሲለኝ (ነጭ ጋዎን የለበሰን ሁሉ እንዲህ መጥራት የተለመደ ነው) መጠኑ ከ9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ አረር ጋር ስለተቀራረበ የሽጉጥ እንደሚመስለኝ ነገርኩት፤ እሱም መዘገበው።

ጠዋት ቀዶ ሐኪሟ የጎን ራጅ አዘዘች። ሌሊት ክብ የነበረው ነገር አሁን ከ2 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ፣ ጫፉ የሾለ የክላሽ አረር ሆኖ ታየ። ጫፉን ወደ ፊት አድርጎ ስለተቀመጠ ከፊት ለፊት ሲነሣ የዙሪያው ጥላ ብቻ ነበር የወጣው። መጠኑም አሳስቶኛል፦ የራጁ ጨረር ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ከፕሌቱ (ከታካሚው ሥር ሆኖ ምስሉን ከሚቀበለው ሰሌዳ) የራቀ ነገር ከእውነተኛው መጠን ተልቆ ይታያል። የጨረሩ ምንጭ ከፕሌቱ በ100 ሴንቲ ሜትር፣ አረሩም በ17 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ስለነበር 7.62 ሚሊ ሜትር የሚባለው የክላሽ አረር ውፍረት በምስሉ ላይ ከ9 አልፎ ነበር። የለካሁት አረሩን ሳይሆን ጥላውን ነው።

ወዲያው ለመርማሪው ደወልኩ። በእኔ ቃል የተነሣ በሰፈሩ ሽጉጥ ያለው ሰው ሲጠየቅ ማደሩን ስሰማ በጣም አዘንኩ፤ ማስተካከያውንም በጽሑፍ፣ ሰዓቱን ጠቅሼና ፈርሜ ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ በጥይት የተመታን ሰው የሕይወቱ ሁኔታ እስከፈቀደ ድረስ ከፊትም ከጎንም ሳላነሣ አላሰናብትም። ቁስሉ የት እንደሆነ በምስሉ ላይ እንዲለይም በፋሻው ላይ የወረቀት ክሊፕ እለጥፋለሁ። ጥይት የገባበት ቁስል ኖሮ የወጣበት ከሌለ አረሩ በሰውነት ውስጥ መገኘት አለበት፤ በደረት ካጣሁት ሆድና ጭን ድረስ እፈልጋለሁ፤ የደም ሥር ውስጥ የገባ አረር በደም ተገፍቶ ሊርቅ ይችላልና። በሪፖርቴ የምጽፈው ቦታውን፣ ብዛቱንና ቅርጹን ብቻ ነው፤ ከየትኛው መሣሪያ እንደወጣ መናገር አረሩን በማይክሮስኮፕ የሚያስተያየው የፎረንሲክ ባለሙያ ሥራ ነው። ለዚህም አፈሙዙ በአረሩ ላይ የተወው ጭረት ሳይነካ መድረስ ስላለበት፣ ሐኪሟ የዚያን ወጣት አረር የመቆንጠጫዋን ጫፍ በጎማ ሸፍና አወጣችው፤ በጎዝ (በስስ የቁስል ጨርቅ) ጠቅልላም ባሸገችው ዕቃ ለመርማሪው በፊርማ አስረከበችው።